ንብርብር ድንጋይ ሁሉ ሕይወት ነበረው? የጥንታዊ ሪፍ አጥኚ ጂኦሎጂስት ሥራ ሲብራራ

አዳማ ውስጥ ውኃ በፈረቃ የሚደርሰው ቤት ሁለት ነገሮችን በደንብ ያውቃል። አንዱ ሳይታጠብ የቆየ በርሜል ግድግዳ ላይ የሚለጠፈው አረንጓዴ ዝልግልግ ነው። ሌላው ማንቆርቆሪያ ሥር እየተነባበረ የሚጋገረው ነጭ ቅርፊት ነው። ዝልግልጉ ሕይወት አለው፤ ቅርፊቱ ግን ውኃው ሲፈላ የዘቀጠ ማዕድን ብቻ ነው። ሁለቱም ስስ ስስ ሆነው ይደራረባሉ። እነዚህ ሁለት ነገሮች ድንጋይ ሆነው፣ 3 ቢሊዮን ዓመት ተቀብረው፣ በግፊትና በሙቀት ተጨፍልቀው ቢወጡ የትኛው ሕይወት እንደነበረው በምን ይለያል?

ጥንታዊ ሪፎችንና የመጀመሪያዎቹን ሕያዋን የሚያጠና ጂኦሎጂስት ዕድሜውን የሚፈጀው በዚህ ጥያቄ ላይ ነው። ብዙ ሰው ሥራውን ቅሪተ አካል ፍለጋ አድርጎ ያስበዋል። ፍለጋው ግን ትንሹ ክፍል ነው። ትልቁ ክፍል የተገኘው ነገር ያለ ሕይወትም ሊፈጠር እንደሚችል ለማሳየት መልፋት ነው፤ ልፋቱ አልሳካ ሲል ብቻ «ሕይወት ነበረ» ይባላል። እ.አ.አ. በመስከረም 2025 ናሳ ስለ አንድ የማርስ ድንጋይ መግለጫ ሲሰጥ «ሕይወት ተገኘ» የሚል ወሬ የተናፈሰው ይህ አሠራር በሰፊው ስለማይታወቅ ነው። ወደ ማርስ እንመለሳለን፤ መጀመሪያ ከባሕሩ።

ሪፍ ምንድን ነው?

ሪፍ ሕያዋን ራሳቸው ባሕር ውስጥ የሚገነቡት ግንብ ነው። ማዕበል ያመጣው የድንጋይ ክምር አይደለም። ፍጥረታቱ ከውኃው ካልሲየምና ካርቦኔት እየወሰዱ ጠንካራ አካል ይሠራሉ፤ ሲሞቱ አካሉ እዚያው ይቀራል፤ ተከታዮቻቸው በላዩ ይቀጥላሉ። ይህ ለሺህ ዓመታት ሲደጋገም የኖራ ድንጋይ ይሆናል።

ዛሬ ዋናው ግንበኛ ኮራል የሚባለው ጥቃቅን የባሕር እንስሳ ነው። ሁልጊዜ ግን እሱ አልነበረም። ከ520 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ግንባታውን የያዙት አርኪዮሳያት የሚባሉ፣ ከስፖንጅ ወገን የሆኑ ስኒ መሰል የባሕር እንስሳት ነበሩ። ከ252 ሚሊዮን ዓመት በፊት በደረሰው ታላቅ እልቂት ከባሕር ዝርያዎች ከአሥሩ ስምንት ያህሉ ሲጠፉ የእንስሳት ሪፍም አብሮ ፈረሰ፤ የዛሬዎቹ ኮራሎች ዘመዶች ብቅ ያሉት ከዚያ ብዙ ሚሊዮን ዓመታት ቆይተው ነው። በመሃሉ ባዶውን ቦታ የያዙት ከሁሉም የቀደሙት ግንበኞች፣ ባክቴሪያዎች፣ ነበሩ።

እንስሳ ሳይኖር ሪፍ እንዴት ይገነባል?

በዚያው በበርሜሉ ዝልግልግ መንገድ። ብርሃን የሚመገቡ ባክቴሪያዎች ጥልቀት በሌለው ውኃ ወለል ላይ እንደ ስስ ምንጣፍ ይነጠፋሉ። ሙጫ መሰል ፈሳሽ ስለሚያመነጩ ውኃው ያመጣው ደለል ይጣበቅባቸዋል። ደለሉ ብርሃኑን ሲጋርድባቸው ወደ ላይ ሾልከው ይወጡና አዲስ ምንጣፍ ይዘረጋሉ። የታችኛው እየጠነከረ ይሄዳል። መሶብ ውስጥ እንጀራ በእንጀራ ላይ እንደሚነባበር ነው፤ ልዩነቱ እዚህ እንጀራው ራሱ ወደ ላይ መውጣቱ ነው። በዚህ መንገድ የተሠራው ንብርብር ድንጋይ ስትሮማቶላይት ይባላል።

ዛሬም የሚያድግ አለ። በምዕራብ አውስትራሊያ ሻርክ ቤይ የባሕሩ ጨው ከመደበኛው እጥፍ ገደማ ስለሆነ ምንጣፉን የሚግጡ ቀንድ አውጣዎች በብዛት አይደርሱበትም። እድገቱ በዓመት ግማሽ ሚሊ ሜትር እንኳን አይሞላም፤ አንድ ክንድ ለመድረስ ከ1,000 ዓመት በላይ ይፈጃል።

ጉዳዩ ለእኛ ምን ያደርጋል ለሚል፦ የምንተነፍሰውን ኦክስጅን አየር ውስጥ ማጠራቀም የጀመሩት ከነዚህ ባክቴሪያዎች መካከል ሳያኖባክቴሪያ የሚባሉት ናቸው፤ ከ2.4 ቢሊዮን ዓመት ገደማ በፊት።

ሕይወት የሠራውና ያልሠራው በምን ይለያል?

የሙያው ልብ ያለው እዚህ ነውና ረጋ ብለን እንየው።

መጀመሪያ የሚታየው የሽፋኑ ውፍረት ነው። ደለል በራሱ ሲዘቅጥ ጉድጓዱን ይሞላል፤ ስለዚህ ሽፋኑ ጉድጓድ ላይ ይወፍራል፣ ጉብታ ላይ ይሳሳል። ባክቴሪያ ግን ብርሃን ወዳለበት ስለሚያድግ ነገሩ ይገለበጣል፤ ጉብታው ጫፍ ላይ ይወፍራል። ቀጥሎ ተዳፋቱ ይለካል። ደረቅ አሸዋ ቢከመር ከ34 ዲግሪ ገደማ በላይ አይቆምም፣ ይንዳል። ሽፋኖቹ ከዚያ በጣም ቀጥ ብለው ከቆሙ የያዛቸው ነገር ነበረ ማለት ነው። ሙጫው ሊሆን ይችላል፤ ወይም ደግሞ እንደ ማንቆርቆሪያው ቅርፊት እዚያው የጠጠረ ማዕድን ይሆናል። ስለዚህ በአንድ ምልክት ብቻ ፍርድ አይሰጥም።

ሦስተኛው አካባቢው ነው፤ ከሁሉም የሚያሳምነውም እሱ ነው። እ.አ.አ. በ2006 አቢጌል ኦልዉድ የተባሉ አውስትራሊያዊት ጂኦሎጂስትና ባልደረቦቻቸው በምዕራብ አውስትራሊያ ፒልባራ፣ ስትሬሊ ፑል በተባለው ቦታ 3.43 ቢሊዮን ዓመት ስላለው ድንጋይ ያቀረቡት ሙግት የተመሠረተው በዚህ ላይ ነበር። አንድ ጉብታ ይዘው አልተከራከሩም። ንብርብሩን ለኪሎ ሜትሮች ተከትለው ሰባት ዓይነት ቅርጽ ለዩ፤ አንደኛው የእንቁላል ካርቶን ተገልብጦ እንደማየት ነው። እያንዳንዱ ቅርጽ በጥንቱ ባሕር ዳርቻ የራሱ ቦታ አለው፤ ውኃው ሲጠልቅ ወይም አሸዋ ሲበዛበት ይጠፋል። ድንገተኛ የማዕድን ዝቃጭ እንዲህ ቦታ አይመርጥም።

አራተኛው የካርቦን ሚዛን ነው። ካርቦን ቀላልና ከበድ ያለ ዓይነት አለው፤ ካርቦን 12 እና ካርቦን 13። ሕያዋን ቀላሉን ያበልጣሉ። ስለዚህ ድንጋዩ ውስጥ የቀረው ጥቁር ካርቦን ከአካባቢው ኖራ ድንጋይ ይልቅ በቀላሉ ካርቦን የበለጸገ ከሆነ ጥሩ ፍንጭ ነው። እዚህም ማጭበርበሪያ አለ፤ ሕይወት የሌለበት የፍል ውኃ ኬሚስትሪም አንዳንዴ ተመሳሳይ ውጤት ይሰጣል።

የስህተት ምሳሌ ለሚፈልግ ግሪንላንድ አለ። እ.አ.አ. በ2016 ኢሱዋ ከተባለ ቦታ 3.7 ቢሊዮን ዓመት ያላቸው ስትሮማቶላይቶች ተገኙ ተባለ፤ ከ1 እስከ 4 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ያላቸው ሾጣጣ ጉብታዎች ነበሩ። በ2018 እነዚያው ኦልዉድና ባልደረቦቻቸው ቦታው ድረስ ሄደው ድንጋዩን በሌላኛው አቅጣጫ ቆርጠው አዩት። ከፊት ለፊት ሾጣጣ የሚመስለው ነገር በጎኑ ሲታይ ድንጋዩ በተለጠጠበት አቅጣጫ የተዘረጋ ረጅም ሸንተረር ሆነ። አንዳንዱ ጉብታም ጫፉ ወደ ታች ነበር። ድንጋዩ ሲጨመቅ የታጠፈ እንጂ የተገነባ አይደለም የሚል መደምደሚያ ላይ ደረሱ፤ የመጀመሪያዎቹ አጥኚዎች ግን በአቋማቸው ጸንተዋል። ሦስት ጎን ያለውን ነገር በሁለት ጎን ብቻ ማየት በዚህ ሙያ ውስጥ ተደጋጋሚ ስህተት ነው።

ማርስ ከዚህ ጋር ምን አገናኘው?

ሰውም ጥያቄውም አንድ ናቸው። ኦልዉድ ፐርሰቪራንስ በተባለው የናሳ ተሽከርካሪ ክንድ ላይ የተገጠመውን ፒክስል የተሰኘ መሣሪያ የመሩ ሳይንቲስት ናቸው። መሣሪያው የጸጉር ያህል በቀጠነ የኤክስሬይ ጨረር ድንጋዩን ነጥብ በነጥብ እያነበበ የትኛው ንጥረ ነገር የት እንዳለ ካርታ ይሠራል። ፒልባራ ላይ በመጋዝና በማይክሮስኮፕ የሚሠራውን ሥራ በርቀት ለመሥራት የታሰበ ነው።

ተሽከርካሪው በየካቲት 2021 እ.አ.አ. ያረፈው ጀዘሮ በተባለ፣ በጥንት ጊዜ ሐይቅ በነበረ ጉድጓድ ነው። በ2024 አንድ የጭቃ ድንጋይ ላይ የነብር ቆዳ የሚመስሉ ነጠብጣቦች ተገኙ። ነጠብጣቦቹ ውስጥ የብረት ፎስፌትና የብረት ሰልፋይድ ማዕድናት ታዩ። ምድር ላይ እንዲህ ያለው ጥምረት ብዙውን ጊዜ ባክቴሪያ ጭቃ ውስጥ የተቀበረ ብስባሽ ሲበላ የሚፈጠር ነው። ብዙውን ጊዜ እንጂ ሁልጊዜ አይደለም። የ2025ቱ መግለጫ «ሊሆን የሚችል የሕይወት ምልክት» ያለው ለዚህ ነው፤ ቃሉ ለትሕትና የተመረጠ አይደለም፣ ልኩ እዚያው ድረስ ስለሆነ ነው።

እኛ አገር ባሕር ነበረ?

ነበረ፤ ያውም በተደጋጋሚ።

ከአዲስ አበባ ወደ ደብረ ማርቆስ ሲኬድ፣ ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ ወርዶ ወደ ደጀን በሚወጣው መንገድ ዳር፣ ከላይ ያለው ጥቁር ድንጋይ አልቆ ገርጣ ያለ ቢጫማ ንብርብር ይጀምራል። ይህ ከ160 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት በጁራሲክ ዘመን ባሕር ወለል የተነጠፈ ኖራ ድንጋይ ነው። በትግራይ መቀሌ ዙሪያም አለ፤ «የአንታሎ ኖራ ድንጋይ» የሚለው ስሙም ከዚያው ከሕንጣሎ የመጣ ነው። ውስጡ ኮራል፣ ዛጎልና የባሕር ጃርት ይገኛል። ባሌ ውስጥ የሶፍ ዑመር ዋሻ የተቦረቦረውም በዚሁ ዘመን ድንጋይ ነው። ከሕይወት መጀመሪያ ጋር ሲነጻጸር ይህ ሁሉ የትናንት ነገር ነው። ለዚያ የሚቀርበው የትግራዩ ተምቤን ድንጋይ ነው፤ ከ700 ሚሊዮን ዓመት በላይ ዕድሜ ያለው፣ ምድር በበረዶ ልትሸፈን የተቃረበችበትን ዘመን የሚመዘግብ።

የቅርቡ ደግሞ አፋር ነው። ቀይ ባሕር ወደ ደናክል ዝቅታ ገብቶ ሳለ ያደጉ የኮራል ሪፎች ዛሬ ከባሕር ጠለል በታች፣ በረሃ ላይ ቆመው ይታያሉ፤ ከፊሎቹ ወደ 125 ሺህ ዓመት ይጠጋቸዋል። ባሕሩ መግቢያው ተዘግቶበት ሲተን የቀረው ጨው ነው አሞሌ እየተባለ ሲቆረጥ የኖረው።

የማንቆርቆሪያውና የበርሜሉ ክርክር እኛም አገር ተነሥቶ ነበር። እ.አ.አ. በ2019 ዳሎል ላይ የሠራ አንድ ቡድን እጅግ ጥቃቅን ሕያዋን አገኘሁ አለ። በዚያው ዓመት ሌላ ቡድን አሲዳማና ጨዋማ በሆኑት ኩሬዎች ውስጥ ምንም ሕይወት እንደሌለ ጻፈ፤ ከሲሊካ የተሠሩ እንክብል የማዕድን ቅንጣቶች ሕዋስ እንደሚመስሉም አሳየ።

አዳማ ዙሪያ ግን ሪፍ የለም፤ ታዲያ?

የለም። አዳማ የተቀመጠችው በስምጥ ሸለቆ ወለል ላይ ነው። ቦኩ ላይ እንፋሎት የሚያወጣው መሬት፣ ብሎኬት የሚሠራበት ፓሚስ፣ መንገዱ ላይ የተነጠፈው ኮብልስቶን፣ ሁሉም ከእሳተ ገሞራ የመጣ ነው። እዚህ ከተማ ያለው የጥንት ባሕር ግድግዳው ውስጥ ነው፤ ሲሚንቶው ከሙገር፣ ከደርባ ወይም ከድሬዳዋ ኖራ ድንጋይ ተቃጥሎ ስለመጣ።

ይህ ለተማሪ ጉዳት የሚመስለውን ያህል አይደለም። ምክንያቱ ዕድሜ ነው። ኖራ ድንጋይ በራሱ ዕድሜውን እምብዛም አይናገርም። 3 ቢሊዮን ዓመት የሆነ ሪፍ ዕድሜ የሚታወቀው ከሥሩና ከላዩ ያለው የእሳተ ገሞራ አመድ ተፈልጎ፣ ውስጡ ያለው ዚርኮን የሚባል ጥቃቅን ማዕድን ተለቅሞ ነው። ዚርኮን ሲፈጠር ዩራኒየም ይይዛል፣ እርሳስ ግን አያስጠጋም፤ ስለዚህ ዛሬ የሚገኝበት እርሳስ ከዩራኒየሙ መፈራረስ የመጣ ነው ማለት ነው፤ መጠኑም እንደ ሰዓት ዕድሜውን ይናገራል። ሪፉ ከታችኛው አመድ በኋላ፣ ከላይኛው በፊት ነው ይባላል። አመድን ከጭቃ፣ ከቦታው ያረፈውን በጎርፍ ከተንከባለለው መለየት የሚችል ዓይን የሚሠለጥነው ደግሞ እንደ አዳማ ባለ አገር ነው። ወጣት ኮራል በሌላ መንገድ፣ በዩራኒየምና በቶሪየም ምጣኔ፣ እስከ 500 ሺህ ዓመት ገደማ በቀጥታ ይለካል። ግን አጽሙ አራጎናይት ከሚባለው ማዕድን ወደ ካልሳይት ከተለወጠ ሰዓቱ ተበላሽቷል፤ ገንዘብ ከማውጣት በፊት በኤክስሬይ ማረጋገጥ ነው።

ለልምምድ ደግሞ ሐይቆቹ ቅርብ ናቸው። ዝዋይ፣ ላንጋኖ፣ አብጃታና ሻላ ከ10 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት አንድ ትልቅ ሐይቅ ሆነው ትርፋቸው ወደ አዋሽ ይፈስ ነበር። ቡልቡላ አካባቢ ጎርፍ የቆረጠው ገደል ላይ የዚያ ሐይቅ ጭቃና ዛጎል በየሽፋኑ ይታያል። ባሕር ባይሆንም ንብርብር ማንበብን ያስተምራል።

ሜዳ ላይ ምን ይሠራል? ምን ይበላሻል?

ዕቃው ጥቂት ነው፦ የጂኦሎጂ መዶሻ፣ አሥር ጊዜ የሚያጎላ የእጅ መነጽር፣ ኮምፓስ፣ ጂፒኤስ፣ ደብተር፣ የናሙና ከረጢትና ጠብታ አሲድ። አሲዱ 10 በመቶ ሃይድሮክሎሪክ ነው፤ 37 በመቶ የሆነውን አንድ እጅ ለሦስት እጅ ውኃ። አሲዱ ውኃው ላይ ይጨመራል እንጂ ውኃው አሲዱ ላይ አይጨመርም፤ ይፈነጥራል፣ ዓይን ያጠፋል። ጠብታው ኖራ ድንጋይ ላይ ወዲያው አረፋ ይደፍቃል። ዶሎማይት የሚባለው ዘመዱ ግን ካልተፈጨ ዝም ይላል።

ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ጀማሪን የሚያሞኝ ነገር አለ። ጥቁር ድንጋይ ላይ አፈሩ የተወው ስስ ነጭ ሽፋን ይኖርና አሲድ ሲነካው ይፈላል፤ ደብተር ላይ «ኖራ ድንጋይ» ተብሎ ይጻፋል። ሁልጊዜ ድንጋዩ ተሰብሮ ትኩሱ ገጽ ላይ ነው የሚሞከረው።

ናሙና ሲነሣ ከመፈንቀሉ በፊት ላዩ ወዴት እንደሆነ ቀስት ይሣልበታል። ይህ ቀስት ከተረሳ ጉብታው ወደ ላይ ያደገ ይሁን ወደ ታች የታጠፈ ማወቅ አይቻልም፤ የኢሱዋን ክርክር ያስታውሱ። ለካርቦን ትንተና የሚሄደው ክፍል ግን በማርከር አይነካም፣ ቀለሙ ራሱ ካርቦን ነው። ፀሐይና ዝናብ የመታው ውጫዊ ቅርፊትም ይጣላል፤ ዛሬ ድንጋይ ውስጥ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ስላሉ «ጥንታዊ ሕይወት» የተባለው ያምናው ሊሆን ይችላል።

ላብራቶሪ ውስጥ ድንጋዩ በአልማዝ መጋዝ ይቆረጥና አንድ ገጹ ይለሰልሳል፤ ኢፖክሲ በሚባል ማጣበቂያ መስተዋት ላይ ይለጠፋል፤ ከዚያ ይፈጫል። መድረሻው 0.03 ሚሊ ሜትር ነው፣ ከጸጉር ግማሽ በታች፤ ቲን ሴክሽን የሚባለው ይህ ነው። መድረሱ በመለኪያ ብቻ አይታወቅም፤ በፖላራይዝድ ብርሃን ኳርትዝ ግራጫ ወይም ገርጣ ነጭ እስኪሆን ይታያል፣ ብርቱካናማ ከሆነ ገና ወፍራም ነው። የመጨረሻውን መፍጨት የቸኮለ ድንጋዩን ጨርሶ መስተዋቱን ይፈጫል። ኢፖክሲ ውስጥ የቀረ የአየር አረፋም ክብ ስለሆነ ሕዋስ መስሎ ያሳሳተው ተማሪ ጥቂት አይደለም።

በዚህ ሙያ እንጀራ ይበላል?

በቀጥታ ከተጠየቀ፣ «የሪፍ ጂኦሎጂስት እንፈልጋለን» የሚል ማስታወቂያ አገር ውስጥ መጠበቅ ከንቱ ነው። ምርምሩ የሚኖረው ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ነው፤ ብዙው የረቀቀ ልኬትም ናሙና ወደ ውጭ ተልኮ ይሠራል። ዕውቀቱ ግን ይሸጣል።

የሲሚንቶ ፋብሪካ ካባን፣ ማለትም ድንጋይ የሚቆፈርበትን ቦታ፣ እንውሰድ። ንጹሕ ኖራ ድንጋይ ሲቃጠል ከ100 ኪሎው 44 ኪሎ ጋዝ ሆኖ ይሄዳል፤ የሚፈለገው ቀሪው ነው። ዶሎማይት ከተቀላቀለበት ማግኒዚየም ይገባና ሲሚንቶው ከጠነከረ በኋላ ቀስ ብሎ ያብጣል፣ ግድግዳ ይሰነጥቃል። ጥንት የቱ ጋ ሪፍ፣ የቱ ጋ ጭቃማ ዳርቻ እንደነበረ የሚያነብ ሰው መጥፎው ንብርብር የት እንደሚጀምር ቀድሞ ይገምታል። የኦጋዴን ነዳጅ ፍለጋም ሐማንሌ ከሚባለው የጁራሲክ ኖራ ድንጋይ ጋር የተያያዘ ነው። የጉድጓድ ውኃ ቁፋሮና የእንፋሎት ኃይል ሥራ ደግሞ ለአዳማ ልጅ ደጃፉ ላይ ነው።

መንገዱ በተፈጥሮ ሳይንስ ይጀምራል። አዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ አፕላይድ ጂኦሎጂ፣ ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲም ጂኦሎጂ ያስተምራሉ። ከመጀመሪያ ዲግሪ በኋላ ማስተርስ፣ ከዚያ ዶክትሬት ሲጨመር ገለልተኛ ተመራማሪ ለመሆን አሥር ዓመት ገደማ ይወስዳል። ወደዚህ ዘርፍ ማዘንበል የሚፈልግ ኬሚስትሪን አይናቅ፤ አብዛኛው ክርክር የሚፈታው እዚያ ነው። ቅሪተ አካል በሕግ ቅርስ ስለሆነ ያለ ፈቃድ አይነሣም፣ ከአገርም አይወጣም፤ ፈቃዱ ከጉዞው ወራት ቀድሞ ይጀመራል።

ለመመረቂያ ሥራ ደግሞ ሰፊ አካባቢ ከመዞር አንድ ገደል መርጦ 30 ሜትሩን ሽፋን በሽፋን መለካት ይሻላል። የእያንዳንዱ ናሙና ቦታ ሲመዘገብ አንድ ነገር ይጣራ፦ የአገራችን የ1 ለ 50,000 ካርታዎች የተሠሩት አዲንዳን በሚባል የልኬት መነሻ ነው፤ ጂፒኤሱ ግን ካልተቀየረ በዓለም አቀፉ ነው የሚያነበው። ሁለቱ ከ200 ሜትር በላይ ይለያያሉ። ሜዳ ላይ ልዩነቱ አይታወቅም። ዓባይ በረሃን በመሰለ ቦታ ግን 200 ሜትር ማለት ካርታው ላይ ከኖራ ድንጋዩ ወጥቶ ጥቁሩ ድንጋይ ላይ መቆም ነው፤ ቀጥሎ የሚሄደው ተማሪም ሪፉን ፈልጎ ያጣዋል።